የእሸት ደቦ

ደጎሎ፣ ጥቅምት 23፣ እሑድ ጠዋት

በዓይን አይቼዎ ለማላውቅዎ አጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? የመተሐራ ሙቀትና ወባ አልበረታብዎም? ትዳር ይዘው እንደሆነ ባለቤትዎ፣ ልጆች ካሉም ልጆችዎ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። እናቴ፣ ማለት እህትዎ፣ ደህና ናት። አያቴ፣ ማለት አባትዎ፣ አሁን እኛ ቤት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት፤ ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው ይላሉ። ክረምቱ ጥሩ ዘንቦ የማዶው ገብስ አምሮበታል። ገና በሰላምታው ገብስ በማንሳቴ ቅር አይበሉኝ፤ የጻፍኩበት ጉዳይ እሱው ስለሆነ ነው።

እኔ የእህትዎ የበኩር ልጅ ነኝ። የተወለድኩት እርስዎ ከቤት በወጡ በስድስተኛው ዓመት ነው። ዘንድሮ መካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጀምሬያለሁ። አድራሻዎን የሰጠኝ የደጎሎው ነጋዴ አሕመድኑር ነው፤ ስኳር ሊጭን ሲወርድ እዚያ እንዳገኘዎትና ከሸንኮራ ቆራጮች ጋር እንደሚሠሩ ነገረኝ። ስልክዎንም ሰጥቶኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ «ሀሎ» ሲሉ ዘጋሁት። ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በአፍ የማይወጣልኝን በብዕር ልሞክረው ብዬ አሁን አሕመድኑር ሱቅ ደጃፍ ተቀምጫለሁ። የምሳፈርበት ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ ጊዜ አለኝ።

የደረሰብኝን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ አጠቃላይ ባዮሎጂ ይማራል። ሕዋስ፣ የሕዋስ ክፍፍል፣ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚሠራበት መንገድ፣ ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ሥርዓት ነው ትምህርቱ። እኔ ይህን ትምህርት እወደዋለሁ። ሐሳቤም ውጤቴን አሳምሬ የሕክምና ላቦራቶሪ ለማጥናት ነበር። ደምና አክታ መርምሮ «በሽታው ይህ ነው» የሚል ሰው መሆን ፈለግሁ። እናቴ ይህን ከነገርኳት ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች።

ባለፈው ሳምንት ተፈተንን። ፈተናው ሁለት ነው፤ አንዱ በወረቀት፣ ሌላው በተግባር። በወረቀቱ ከሠላሳ ሃያ ዘጠኝ አገኘሁ። የተግባሩ እንዲህ ነው፦ ላቦራቶሪው ውስጥ ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር ተቀምጧል። ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ለአንዱ ጥያቄ ያለው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። አምስቱ ጠረጴዛዎች ላይ በብርጭቆ ቱቦ የተሞላ ፈሳሽ ነበረ። ምግብ ውስጥ ስኳር መኖሩን ለማወቅ መፈተሻ ፈሳሽ ጨምረው ያሞቁታል። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል፤ ትንሽ ካለ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ብዙ ሲኖር እንደ ሸክላ ይቀላል። ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። ተኝቼም ብጠየቅ እመልሰዋለሁ። ቱቦዎቹ ፊት ስቆም ግን ከሰማያዊው በቀር ሁሉም አንድ ዓይነት የደፈረሰ ውኃ ሆኑብኝ። ደወሉ ተደወለ፤ በግምት ጽፌ አለፍኩ። ሌሎቹም ጠረጴዛዎች ላይ በቀለማቸው የሚለዩ ነገሮች ነበሩ። ከሃያው ነጥብ አራት ብቻ አገኘሁ።

እስካሁን እንዴት ሳይታወቅብህ ኖርክ ይሉኝ ይሆናል። በየሳምንቱ ሥራውን የምንሠራው ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው። ጓደኛዬ ሁዜይፋ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቶ «አረንጓዴ፣ ጻፍ» ይላል፤ እኔ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ ስለሚያምር ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለ ቀለም ሰው ሲናገር ሰምቼ መድገም ለምጃለሁ። ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያደርግ ነበር የሚመስለኝ።

መምህርታችን ኡሙልኸይር ይባላሉ። ሐሙስ ቢሯቸው ጠሩኝና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። «ይህንን የሠራ ሰው ይህንን ሊስት አይችልም» አሉኝ። «የጽሑፉን ማን ሠራልህ?» ማንም፣ አልኩ። «እንኳን ዩኒቨርሲቲ የገባ፣ ቲማቲም ግዛ ተብሎ ገበያ የተላከ ልጅ ቀይና አረንጓዴ ይለያል። ከሰው ላይ ከገለበጥክ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ይቀልልሃል።» ዝም ማለቴን እንደ ማመን ቆጠሩት። ማክሰኞ ጠዋት በሁለት መምህራን ፊት ለብቻዬ እንደገና እፈተናለሁ፤ የወረቀቱንም የቱቦውንም። ከወደቅኩ ጉዳዬ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል፤ የሰው ወረቀት መገልበጥ ደግሞ ከትምህርት ያስባርራል።

ወደ ማደሪያችን ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሞላ የሚባል ቀልደኛ አለ፤ «ይሄ ልጅ የትራፊክ መብራት ያለበት ከተማ እንዳይመደብ ጸልዩለት!» ብሎ ሁሉን አሳቀ። ሁዜይፋ ግን አልሳቀም። ወጥቶ ሄደና ከምግብ ቤቱ ሁለት ቃሪያ ይዞ መጣ። «የቀላው የቱ ነው?» አለኝ። እጄን ስዘረጋ መዳፌን መታኝ። «አትንካ! በዓይንህ ብቻ!» ብዙ ቆየሁ። መለየት አልቻልኩም። አጠገቤ ተቀመጠና፣ «ጥያቄ አሥራ ሰባት ትዝ ይልሃል?» አለኝ። «አንተ እኮ ነህ።»

ጥያቄ አሥራ ሰባት በአማርኛ ሲተረጎም እንዲህ ይላል፦ አንድ ወንድ ልጅ ቀይና አረንጓዴ መለየት አይችልም፤ አባቱም እናቱም ይለያሉ። ችግሩ የመጣው ከማን ነው? እኔ «ከእናቱ» ብዬ መልሼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ምክንያቱንም አብራርቼ ጽፌያለሁ፤ ሴት ይህን ነገር የሚሸከም ክር፣ ክሮሞዞም የሚሉትን፣ ሁለት አላት፣ አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚወርሰው ከእናቱ ነው፤ ስለዚህ እሷ እያየች ልጇ ላያይ ይችላል። የእናቲቱ ወንድምም ያው ችግር ሊኖርበት ይችላል ብዬ ጨምሬ ነበር። ስለ ራሴ የተጠየቀውን ራሴን ሳላውቅ በትክክል መልሻለሁ። ሁዜይፋ «አብሽር፣ አይዞህ፣ ለመምህርቷ ንገራቸው» አለኝ። እሱ እንደሚለው ቀላል አልሆነልኝም። ብነግራቸው ከሌብነቱ ስም እድናለሁ። ያን ጊዜ ግን ቀለም የማይለይ ሰው ደም መርማሪ ልሁን ብሎ ማን ይሰማዋል? ባልነግራቸው ደግሞ ማክሰኞ ቱቦዎቹ ይጠብቁኛል።

አርብ ሁለት መኪና ቀይሬ ቤት ገባሁ። እናቴ ሰሌን ላይ በርበሬ ዘርግታ ትለቅማለች። ልጅ ሆኜ ምስር ታስለቅመኝ ነበር፤ በርበሬ አስነክታኝ አታውቅም። አጠገቧ ተቀምጬ ከፈተናው ጀምሬ እስከ ቃሪያው ነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንተም?» አለች።

ሌላ ማን? አልኳት።

አጎቴ፣ እኔ ያደግሁት «የእሸት ደቦ» የሚለውን አባባል ስሰማ ነው። በእኛ ቀበሌ ሰው ነገር ሳይደርስ ከተጣደፈ «የእሸት ደቦ አትጥራብን» ይባላል። እኔም ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። በእርስዎ እንደተጀመረ ያወቅሁት ማክሰኞ ሊፈረድብኝ ስፈራ ነው። እናቴ እንዳለችው፣ አያቴ ታመው ደሴ ተኝተው ሳለ «የማዶው ገብስ ሲደርስ ደቦ ጥራ» ብለው ልከውብዎታል። ልክ በዚህ ሰሞን ሠላሳ ሰው ጠሩ። ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ። ሰዉ ማጭዱን ይዞ ገደሉን ተሻግሮ ማሳው ዳር ሲደርስ ገብሱ ገና እሸት ነበር። ጠላውን ጠጥተው፣ በእርስዎ ላይ ግጥም ገጥመው፣ እየሳቁ ተመለሱ። በእውነት ሲደርስ ሁሉም በየራሱ አጨዳ ተይዞ ነበርና ሁለተኛ የመጣ አልነበረም። ከዚያ በረዶ ወረደበት። አያቴ ከደሴ ሲመለሱ «ገብስና ሣር የማይለይ ከእኔ ወገን አይደለም» ብለው አስወጡዎት። እርስዎም አንድ ቃል ሳይመልሱ ወጡ።

«እኔን ነበር የሚጠይቀኝ» አለች እናቴ። «በየዓመቱ። እዚያ ገደሉ አፋፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ‹ማዶው ቢጫ ሆኗል ወይ?› ይለኛል። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።»

ያን ዓመትስ ጠይቆሽ ነበር? አልኳት።

«ጠይቆኛል። ያን ዓመት ከአራተኛ ክፍል ያስወጡኝ ዓመት ነው» አለች። «ከብት ጠባቂ ጠፋ ተብሎ። ሐሳቡን ያመጣው ወንድምዓለም ነበር።» ወንድምዓለም የምትለው እርስዎን ነው። የለቀመችውን በርበሬ መልሳ ሰሌኑ ላይ አፈሰሰችና እንደ አዲስ መልቀም ጀመረች።

አያቴ ለካ ከመደባቸው ሆነው ይሰሙናል። ጠሩኝና ከመጀመሪያው አስደገሙኝ። እንዲህ ያለ ዓይን በእውነት አለ ወይ? አሉኝ፤ አለ፣ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል አልኳቸው። ከየት ይመጣል? አሉኝ፤ ከእናት በኩል አልኳቸው። «እኔ ስንፍናና ንቀት ነው ብዬ ነው» አሉ። «የሚያውቅ ሰው ጠፋ እንጂ፣ አንድ የነገረኝ ቢኖር ልጄን አላባርርም ነበር።» ይህን ሲሉ እናቴ ሰሌኑን ትታ ወጣች። የሚያስወጣት ሥራ ግን አልነበረም፤ ጥጃው ታስሮ ነበር፤ ውኃውም ተቀድቶ ነበር። እስክትመለስ ብዙ ቆየች።

ለመምህርቷ መንገር እንዳለብኝ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነው። ማክሰኞ ቱቦዎቹ ፊት ስቆም ደወል ሳይደወል እነግራቸዋለሁ። ሐኪም ይየኝ፣ ከወረቀቱ ደግሞ የፈለጉትን ይጠይቁኝ እላለሁ። የላቦራቶሪው ነገር ምን እንደሚሆን አላውቅም። ግን ዝም ብሎ የወጣ ሰው የት እንደደረሰ አይቻለሁ። ይህን ስል ልወቅስዎ አይደለም። እርስዎ ዝም ያሉት ለምን እንደሆነ የምገምት ይመስለኛል፤ የራስዎን ዓይን ብቻ ለመደበቅም አልነበረም።

አሕመድኑር ሸንኮራው የሚቆረጥበትን ቀን ሌላ ሰው እንደሚወስን፣ እርስዎ ተነሱ ሲባሉ ብቻ እንደሚነሱ ነገረኝ። ያን ሥራ ለምን እንደመረጡት አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ፦ ያን ሰሞን ማዶው ለእርስዎ ዓይን ምን ይመስል ነበር? እኔ ዛሬ ጠዋት ስወጣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሜ አየሁት። ደርሷል ብለው ቢምሉልኝ አምን ነበር፤ ገና ነው ቢሉኝም አምን ነበር።

እናቴ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘችኝ። ለእርስዎ እንደምጽፍ ነግሬያት ነበርና ስንለያይ መልእክት ሰጠችኝ። ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስቀምጣለሁ፦ «ገብሱ ገና ነው በለው። ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ኅዳር ሚካኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን ደቦ እጠራለሁ። ማዶ ተሻግሬ፣ በዓይኔ አይቼ፣ በጥርሴም ነክሼ ነው ቀኑን የምቆርጠው። ማጭዱን ብቻ ይዞ ይምጣ። ካላመነኝም አልፈርድበትም።»

የመጨረሻውን ለምን እንዳለችው አልጠየቅኋትም። እንዳለችው አድርሻለሁ።

ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ረዳቱ እየጮኸ ነው። አያቴ «በደህና ይግባ፣ እግሩን እንቅፋት አይንካው» ብለውዎታል፤ ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። እኔም እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ደጁን ለመርገጥ ያብቃዎ እላለሁ። ስለ ማክሰኞ ይጸልዩልኝ።

ሳያይዎ የሚወድዎ፣
የእህትዎ ልጅ