ከግድግዳው እንስሳት ጀርባ

ሀና ማርያም፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት መቱ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ሲይዝሽ የነበረው ነገር ተሻለሽ? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት በልጦሽ አሁን አንቺን ቁልቁል እያየ እንደሚያወራ ደምሰው ነግሮኝ ሳቅኩ። ስለኛ ደግሞ የተለመደውን ልጽፍ ጀምሬ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከሚለው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። እኔ አለሁ፤ ቤታችን ግን ሊፈርስ ነው።

መንገዱ እስከ ፉሪ ሊሰፋ ነው ተብሎ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ካደረጉበት ሁለት ወር አለፈው። እስከ ወሩ መጨረሻ እንለቃለን። ስልኬን እንደማታነሺ ስለማውቅ ነው በወረቀት የመጣሁት፤ ብታነሺውም የምነግርሽ ነገር በስልክ የሚባል አይደለም። አደራሽን፣ መሀል ላይ ደርሰሽ እንዳትቀጂው። እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ተቆጪ፣ ግን አንብቢው።

አባዬ ብስራተ ገብርኤል የፈረንጆቹ ግቢ ዘበኛ በነበረበት ጊዜ የሚጥሏቸውን መጽሔቶች በፌስታል ይዞልን ሲመጣ ታስታውሺያለሽ? ገና ከበር ሲገባ እንራኮትበት ነበር። ጳጉሜ ስትገባ እማዬ የዱቄት ሙጫ በዚያች እጀታዋ በተነቀለ ድስት ትሠራና ግድግዳው አዲስ ወረቀት ይለብሳል። ጠባችን የሚጀምረው ያኔ ነው። አንድ ገጽ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ እኛ ከዞረ ሌላው ለዘላለም ከጭቃው ጋር ይቀራል። አንቺ እንስሳ ያለበት ፊት ይውጣ ትያለሽ፣ እኔ አገር ያለበት። ፊደሉ የፈረንጅ ስለሆነ አንዳቸውንም በስማቸው አናውቃቸውም፤ ስም የምታወጪው አንቺ ነሽ። ሰውነቱ በሙሉ ቅርፊት የሆነውን ቆርቆሮ ለባሹ አልሽው። የዳክዬ አፍና የውሻ ገላ ያለውን ደግሞ እግዜር ሲደክመው የሠራው ብለሽ እማዬ በማማሰያ አባረረችሽ። በረዶ ላይ የተጋደመውን፣ ሁለት ረጃጅም ጥርስና ሪዝ ያለውን ግዙፍ አውሬ ጋሽ አምሐ አልነው፤ ጎረቤታችን ጋሽ አምሐም ሰምተው ሊያዩት መጡ፤ ብዙ አይተው አይተው እኔ ከዚህ እሻላለሁ ብለው ወጡ።

ማታ ማታ አልጋችን ላይ ሆነን ወደነዚያ አገሮች እንሄድ ነበር። በጀልባ ላይ ገበያ የሚቆምበት አገር፣ ቤቱ በእንጨት እግር ውሃ ላይ የቆመበት አገር። ሁለታችን ሄደን በዓይናችን እናያቸዋለን፣ አንቺን ትቼ የትም አልሄድም ብለሽ ማልሽልኝ። አንቺ ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና ምላልኛለች ብዬ ይዤው ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ ዳር ዳር ማለቱ አላዋጣኝም።

በዘጠናው ጳጉሜ፣ አንቺ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዘሽ ሳለ፣ የቀበሌዋ እትዬ ተናኘ ፖስታ አመጣች። ለእህትሽ ስጪ ብላ እጄ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ከፈትኩት። አሥር ዓመቴ ነበር፣ አራተኛ ክፍል ልገባ፤ ቀስ እያልኩ አነበብኩት። የእንስሳት ጤና ትምህርት ቤቱ ተቀብሎሻል፤ መስከረም አሥራ አምስት ካልቀረብሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል። ሁለት ዓመት እዚያው ታድሪያለሽ። የጎረቤት ላም ታመመች ሲባል ነጠላሽን እንኳን ሳታነሺ የምትሮጪ ልጅ፣ ያ ወረቀት ምንሽ እንደነበር እኔ አላውቅም አልልሽም። ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግን ተናደድኩ፤ ምለሽልኝ ብቻሽን ልትሄጂ ነው ብዬ።

በማግስቱ ግድግዳው የሚለብስበት ቀን ነበር። የጋሽ አምሐን ገጽ ጀርባ ሙጫ ቀባሁና ደብዳቤሽን ዘርግቼ ለጠፍኩበት፤ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ ከአልጋችን ራስጌ ግድግዳው ላይ። እማዬ እንደ ልማዷ አየር እንዳይቀርበት በመዳፏ እየዳበሰች መጣች። እዚያ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። አየችኝ። ከዚያ ዳብሳ አለፈች።

ጥቅምት ላይ፣ አብራሽ የተፈተነችው ልጅ ግቢ ከገባች ከወር በኋላ ስታገኚያት ነው ነገሩን የሰማሽው። እትዬ ተናኘም ፖስታውን በእጄ አድርሻለሁ ብላ በማርያም ስም ማለች፤ ለማን እንደሰጠች ሳትጠይቂያት ወደ ቤት ሮጥሽ። ያለ ምክንያት ፈረድሽባት አልልሽም፤ እማዬ ዓመቱን ሙሉ ሴት ልጅ የሰው ከብት ልታክም አገር ላገር አትዞርም ስትል ከርማለች። ቤቱ በጩኸትሽ ሲናወጥ እኔ መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ሽንቴ በእግሬ ላይ ወረደ። እማዬ አየችው፣ እግሬ ሥር የረጠበውን መሬት አየችው። ቀና ብላም እኔ ነኝ፣ አቃጥዬዋለሁ አለችሽ።

ያንን ቃል አንቺም ሰምተሻል። ያላየሽው ዓይኗን ነው። ዓይኗ እኔ ላይ ነበር።

የቀረውን ታውቂዋለሽ። የገና በዓል ሳይደርስ የመኪና ሾፌር አግብተሽ መቱ ገባሽ። ሃያ ስድስት ዓመት። የአባዬ ቀብር ላይ ድንኳን ውስጥ ጀርባሽን ሰጥተሻት ተቀመጥሽ፤ ለቀስተኛው ሁሉ አየ። የላከችልሽ በርበሬ ሁለት ጊዜ ከነቋጠሮው ተመለሰ። እሷ ቋጠሮውን ፈትታ ደህና ነው፣ አልነቀዘም ብላ ወደ ጓዳ ታስገባዋለች። እኔም በዚያ በርበሬ የተሠራውን ወጥ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። መጀመሪያ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ኋላ ደግሞ ዝምታው ለመደብኝ፤ ለፋሲካ እነግራታለሁ፣ ለእንቁጣጣሽ እነግራታለሁ እያልኩ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብትዪኝ እውነትሽን ነው።

ባለፈው ክረምት እማዬ እግሯ አልታዘዝ አላትና አልጋ ላይ ዋለች። ቤቱ ምልክት ሲደረግበት፣ ከመፍረሱ በፊት ከሥር ያለውን አሳዪኝ አለችኝ። ጨርቅ ሙቅ ውሃ እየነከርኩ ወረቀቱን ማላቀቅ ጀመርኩ። ከላይ የኳስ ተጫዋቾቹ ለቀቁ፣ ከሥራቸው ጋዜጣው፣ ከዚያ የእኛዎቹ። አንዳንዱ ሳይቀደድ ይነሳል። ገልብጬ ሳሳያት ጉድ አለች፤ ስንጣላበት የነበረው ሌላኛው ፊት ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ውሃ ላይ የቆሙትን ቤቶች አይታ፣ እዚህ አገር አቧራ የለም ማለት ነው፣ ታድለው አለች። እንደ ተራራ የሚንሳፈፈውን በረዶ ደግሞ ማን ነው የሚጠብቀው ብላ ጠየቀችኝ፤ ባለቤት የሌለው ነገር አይገባትም። ያን ያህል ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ስንት ዓመት የሰይጣን ከብት ስትላቸው ኖራ ለካ ሁሉንም በስማቸው ታውቃቸዋለች፣ አንቺ ባወጣሽላቸው ስም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቆርቆሮ ለባሹ የት ደረሰ ብላ ነው። አልጋዋ ላይ ይዛው ዋለች፤ በጣቷ ቅርፊቱን ትቆጥራለች፣ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች።

አንድ ማክሰኞ ራስጌው ጋ ደረስኩ። ልተወው ብዬ ነበር። እሷ ናት ጋሽ አምሐንስ አታወርጂልኝም ያለችኝ። ስስበው ደብዳቤሽ አብሮት መጣ። ሙጫው ደርቆ ሁለቱ አንድ ሆነዋል፤ ላላቅቃቸው ስሞክር የአውሬው አንዱ ጥርስ ተቀደደ። ተይው፣ አንዱን ለማዳን ሌላውን ታጠፊዋለሽ አለችኝ። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ ነኝ፣ እማዬ፣ እኔ ነኝ አልኳት።

አውቃለሁ አለችኝ። የዚያን ቀን ከመዳፏ ሥር ወረቀቱ ወፍሮ ተሰምቷት ነበር፤ ምን እንደሆነ የገባት ግን አንቺ እየጮህሽ፣ እኔ እየረጠብኩ ስታየን ነው። ለምን እንዲህ አደረግሽ ብዬ ጮህኩባት፤ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ የምጮኸውም እኔ። እናቱን የጠላ ልጅ ሲወልድ ይመለሳል፣ እህቷን ከጠላች ግን ከእኔ በኋላ ለሁለታችሁ ማን ይቀራችኋል አለችኝ። አንቺ የመጀመሪያውን ስትወልጂ ቤቱን አጽድታ ጠበቀች። ሁለተኛውንም ስትወልጂ ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ማጽዳቱን ተወችው።

እንዳልነግርሽ አዘዘችኝ። እሺ አላልኳት፣ እምቢም አላልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመቱ አውቶቡስ የሚገባው መቼ ነው እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ እነግራታለሁ፣ ማምሻውን ደግማ ትጠይቀኛለች። ይህን የጻፍኩት ላሳዝንሽ አይደለም ልል ነበር፤ ውሸት ነው። እኔ ብቻዬን ተሸክሜው መኖር ስላልቻልኩ ነው።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ደብዳቤ አይከፈልም። ቂምሽን ግን ከእሷ ላይ አንሺና ወደ እኔ አዙሪው። ለእኔ ይገባኛል፣ ለእሷ አንድም ቀን አይገባትም ነበር። ከፈለግሽ እኔን ሳታናግሪ ነይ፤ በሩን ከፍቼልሽ ጓዳ እገባለሁ። ገጹን በላስቲክ ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ በአንድ በኩል አውሬው ነው፣ በሌላ በኩል ስምሽ በታይፕ የተጻፈበት ወረቀት። እንደወደድሽ አድርጊው።

ደምሰው ብቻውን እንዳልመጣ አይተሻል። የአክስታችን ልጅ ስለሆነ ብቻ የማይገባውን ሥራ አሸከምኩት። አብረውት የመጡት ትልልቆችም እንዲህ ያለ ወግ አይተን አናውቅም ብለው ተቆጥተውኛል፤ እግራቸው ላይ ወድቄ ነው እሺ ያሰኘኋቸው። መጀመሪያ ይህን ታንብብ፣ እስክትጨርስ አንድ ቃል እንዳትናገሩ አልኳቸው። የመጡበትን ስትሰሚ ልብሽ ውስጥ በእሷ ላይ ምንም ክፉ ነገር እንዳይኖር ብዬ ነው። ጎረቤትሽ ሐሚዳም ነገሩን ታውቃለች፤ ሳይነጋ ከእነሱ ጋር እንድትገባ ደምሰው በስልክ ነግሯታል። አሁን አጠገብሽ ናት፣ እጇን ያዢ።

ልጆችሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ፤ እርስ በርሳቸው አይጨካከኑ። አንቺንም ያጽናሽ፣ እትዬ። ወረቀቱን አስቀምጪና ቀና ብለሽ እያቸው፤ ይነግሩሻል።

ታናሽ እህትሽ