የተላጨው ኒም

ዴቅ፣

ዛፍ ልከረክም ወደ ደምበል ሄጃለሁ፤ ሐሙስ እመለሳለሁ።

የዛፍ መውጫ ገመዴ ሕይወቴ የምትንጠለጠልበት እንጂ የፍየል ማሰሪያ አይደለም! ከዚህ አቋሜ ንቅንቅ አልልም። ፍየልህ ያኘከችውን ጫፍ ቆርጬ ጥያለሁ።

ማገዶው ከአጥሩ ሥር ተደርድሯል። እርጥብ ነውና ሳይደርቅ ብታነደው ቤቱን በጭስ ትሞላዋለህ።

የግቢያችንን የኒም ዛፍ ግን ትናንት በንዴት ነው የከረከምኩት። ሲሶውን ብቻ መቀነስ ሲገባኝ፣ ከአንተ ጋር እየተሰዳደብኩ ሙልጭ አድርጌ ላጨሁት። ከሥሩ የሚቀመጡት እናትህ «ልጄ፣ ቀስ በል፣ ትወድቃለህ» አሉኝ እንጂ ስለ ጥላቸው አልተነፈሱም።

በጥላው ፈንታ ሸራ ወጥሬላቸዋለሁ። ቀትር ላይ ምንጣፋቸውን ወደዚያ ሳብ አድርግላቸው። ዛፉ እስኪያቆጠቁጥ ድረስ እኔን ማኩረፍ መብትህ ነው፤ እሳቸውን ግን ፀሐይ እንዳያገኛቸው።

ፋኑኤል