ካርታው ላይ ያለው መንገድ

የካቲት 3

ስምንት ካርቶን አልተፈታም። ማንኪያ የቱ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ሻዬን በእስክሪብቶ ጀርባ አማሰልኩ… በዚህ ዕድሜ!

ደላላው «ሐይቁ ከቤት ይታያል» ብሎ ነበር። አልዋሸም። ሰገነቱ ላይ ወጥተህ፣ በጎረቤት የውሃ ታንከርና በተሰጡ የውስጥ ሱሪዎች መሀል አንገትህን ካጣመምክ፣ መሐረብ የምታክል ውሃ ትታያለች። ቀለሟ የዕቃ እጣቢ።

ግን የመጣሁት ለሐይቁ አይደለም። ለመንገዱ ነው። የባለቤቴ ልብ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት አራት ወሩ። ሐኪሙ ያለው ይህን ነው፦ «በቀን አንድ ሰዓት በእግር። ሜዳ ላይ። ዳገት እንዳትሞክር። ካልሄደች ግን…» አልጨረሰውም። ነገሩን የማይጨርስ ሰው አልወድም፤ ያን ቀን ግን እንኳንም አልጨረሰ አልኩ። የከተማው ቤታችን በሩ ላይ ጭስ፣ መኪና፣ ግፊያ። ስለዚህ ካርታ ዘረጋሁ። ሠላሳ ዓመት ካርታ የሠራ ሰው በወሬ ቤት አይመርጥም። ሐይቁን የሚዞር የእግር መንገድ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ከስምንት መቶ፣ አንድም የከፍታ መስመር አያቋርጥም፤ ዳገት የለውም ማለት ነው። ጥላ፣ ውሃ፣ ንጹሕ አየር። እሷም ታች ፎቅ የምትኖረውን እህቷን ትታ መጣች። በእኔ ቃል።

የካቲት 5

መንገዱን አስቀድሜ ላየው ብቻዬን ወጣሁ። ቤቱን ለመግዛት ስመጣ አላየሁትም ነበር። ካርታው ላይ አለ፤ ምን ያስኬደኛል?

ዳርቻው ላይ መኪና ያጥባሉ። አረፋው ቀጥታ ወደ ውሃው። የላስቲክ ጠርሙስ፣ ጎማ፣ ነጠላ ጫማ፣ የሞተ ዓሣ። ሽታው ጉሮሮ ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት መቶ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ቄጠማ፣ ጭቃ፣ አጥር። መንገድ የለም።

ምናልባት በስተግራ ይሆን? በስተግራም የለም። መኪና አጣቢውን ጠየቅሁት። ከት ብሎ ሳቀ።

«የእግር መንገድ? እዚህ የሚሄደው ዳክዬ ብቻ ነው ጋሼ። እሱም እየዋኘ።»

ባለጌ።

የካቲት 6

«መቼ ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ነገ አልኳት።

የካቲት 7

ነገ አልኳት።

የካቲት 9

ጎረቤት ተዋወቅሁ፤ ባልተዋወቅሁ! ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር። የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ቱታ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ፣ ዘፈን የሚጮህበት ድምፅ ማጉያ። እኔ ቱታ ብዬዋለሁ። በላብ የራሰ እጁን ጨበጠኝ፤ ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

«ኢንጂነር! እንኳን ደህና መጣህ! ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር ስፖርት ሥራ!»

ኢንጂነር አይደለሁም፣ የካርታ ባለሙያ ነኝ አልኩት።

«ያው ነው፣ ወረቀት ነው» አለና አጥሬ ሥር ተፋ።

የእሱ ስፖርት ምን መሰለህ? ሃያ የሚሆኑ ጡረተኞች ሰብስቦ የድሮውን የአውቶቡስ ማቆሚያ መዞር! የዘይት ነጠብጣብ ያለበት አስፋልት፣ ዙሪያውን የቆርቆሮ አጥር። ሰው ተፈጥሮ ፍለጋ ከከተማ ወጥቶ ናፍጣ ሲያሸት ይውላል? ባለቤቴ በወሬው ሳቀች። ካመማት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ይህም አበሸቀኝ… የሚያስቃት እኔ አለመሆኔ።

የካቲት 12

ዛሬ ይዣት ሄድኩ። ከቄጠማው ባሻገር መንገዱ ይቀጥላል ብዬ ደመደምኩ። ካርታ እንዲህ አይሳሳትም። ጭቃውን ለመሸሽ ዳር ላይ ባለች የአፈር ቁልል ላይ እንለፍ አልኳት። ትንሽ ናት፤ የሰው ቁመት እንኳ አትሞላም።

መሀል ላይ ቆመች። ከንፈሯ ጠቆረ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። እኔ ካርታውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ምን ልሥራ? መኪና አጣቢው ነው ሮጦ ወንበር ያመጣው። ያ ባለጌ ያልኩት። ግንባሯን በውሃ አራሰላት፣ «አይዞሽ እናቴ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» አላት። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ትንፋሿ ሲመለስ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታድን የመጣኸው እኔን ነው ካርታህን?»

የካቲት 13

አልጋ ላይ ዋለች። ለማዘጋጃ ቤቱ የሁለት ገጽ አቤቱታ ጻፍኩ። «በሐሰተኛ መረጃ ዜጋን ለአደጋ ማጋለጥ» ይላል። ነጠላ ሰረዙን ሁሉ አስተካከልኩ። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ነጠላ ሰረዝ?

የካቲት 16

ማዘጋጃ ቤት። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማስቲካ ታኝካለች። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ።» አባባ! ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

የሐይቁን ፋይል አወጣች፣ አቧራውን ወደ እኔ እፍ አለችው።

«መንገዱ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ታስቦ ነበር፤ አልተሠራም።»

«ታዲያ ካርታው ላይ ምን ይሠራል?»

«እኛ ስንልክ ‹ወደፊት የሚሠራ› ብለን ነው፤ ደብዳቤው ይኸው። ካርታውን ያሳተመው መሥሪያ ቤት ነው የተሠራ አስመስሎ ያወጣው።» ካርታውን ዘረጋችና ጣቷን በቀኝ በኩል ግርጌ ላይ አሳረፈች። «ይኸው። ‹ያረጋገጠው› ይላል። ማነው ይሄ? ሄዶ ቢያይ ምን ነበረበት?»

መስመሩን እንጂ ግርጌውን አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ፊርማውን አየሁ። መጨረሻው ላይ ጅራት አለው። በወጣትነቴ የምኮራበት ጅራት።

የእኔ ነው።

ወዲያው ትዝ አለኝ። መስክ ወጥቼ ቦታውን ማየት ነበረብኝ፤ ጉዞው ሩቅ፣ አቧራ፣ ቁንጫ ያለበት ማረፊያ። የመንገዱን የነጠብጣብ መስመር ቢሮ ተቀምጬ አየሁት፤ ያምራል፣ ውፍረቱ እኩል ነው። ፈረምኩ። በግማሽ ሚሊሜትር ስንቱን ልጅ ሥራውን እንደ አዲስ ያሠራሁ ሰውዬ!

«ያውቁታል እንዴ አባባ?»

«ሰነፍ ነው» አልኳት። አቤቱታውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

የካቲት 17

ራሴን በመስታወት አይቼ ሳልላጭ ተውኩት።

የካቲት 19

ነገርኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አላቋረጠችም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፈረምኩ።»

ሳቀች። የተሰፋ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲሉ፣ ሁለቱን ባንድ ላይ አገባሁ!»

ወደ ከተማ እንመለስ አልኳት። ሳቋ ጠፋ።

«እኔ ዕቃ ነኝ? ልቤን በካርቶን አሽገህ ስታመላልሰው ልትኖር ነው? ነገ ከእነ ሾፌሩ ጋር እሄዳለሁ። ከፈለግህ ና፤ ካልፈለግህ ካርታህን አንብብ።»

ሁለተኛው ይቀለኝ ነበር።

የካቲት 20

ሄድኩ። የማቆሚያው አጥር ሥር ቆምኩ። የናፍጣ ሽታ፣ የድምፅ ማጉያው ጩኸት፣ አንዱ ያስላል፣ አንዷ አማቷን ታማለች። ቱታ «ግራ ቀኝ! ማነው የሞተው?» ይላል። አስጠሊታ። አስፋልቱ ግን ሜዳ ነው። አንድም ዳገት የለውም። ሁለት ዙር ሄደች፤ ከንፈሯ አልጠቆረም።

የካቲት 24

ቱታ አንዱ ዙር አራት መቶ ሜትር ነው ይላል። በሜትር ለካሁት፤ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት።

«ተው እንጂ ኢንጂነር! አራት መቶ ሲባሉ ነው ደስ የሚላቸው።»

«ሐኪሙ የሚጠይቃት የእውነቱን ነው» ብዬ ጮህኩበት። ሃያው ጡረተኛ ቆሞ አየኝ። አንዷ «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስንሄድ ነበር?» አለች። ቱታ አኮረፈ። ደግ አደረግሁ።

መጋቢት 4

ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ላክሁ፦ «መንገዱ የለም። አረጋጋጩ ቦታው ድረስ አልሄደም።» በዚያው ፊርማ ፈረምኩ፤ ጅራቱን ቆርጬ።

መጋቢት 21

ሐይቁ ዛሬም ይሸታል። ቱታ ኩርፊያውን ትቶ ዛሬም አጥሬ ሥር ተፋ። ማጉያው ውስጥ ያለው ዘፋኝ ሰው ያነቀው ይመስላል። አልለመድኩትም፤ የምለምደውም አይመስለኝም።

የራሴን ካርታ ይዤ አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ሐይቁን የሚዞረውን መስመር በምላጭ ፋቅሁት። ወረቀቱ ትንሽ ሳሳ፤ ይሁን። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አዲስ መስመር አሰመርኩ፣ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ሜትር። ነጠብጣብ አይደለም፣ ድፍን ነው። «ያረጋገጠው» ከሚለው ላይም ፊርማዬን ፋቅሁ፤ ቦታውን ባዶ ተውኩት።

እሷ ስትጨርስ ትፈርምበታለች። አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ናት።