ፓኔሉ ወዴት ይዙር

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ተሰቀለ። መዳፌን ቆርቆሮ ሸንትሮታል፣ እስክሪብቶ መያዝ ያመኛል፣ ግን ተሰቅሏል። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ተራራው ሥር ያለው የአብነት ትምህርት ቤት ከዛሬ ጀምሮ መብራት አለው። የገጠምነው እኔና ሰይድ ነን። ሰይድ በቴክኒክና ሙያው የሶላር ሥልጠና አብሮኝ የተመደበ ልጅ ነው፤ መንገድ ዳር ካለች ከተማ የመጣ የነጋዴ ልጅ፣ ቀልደኛ፣ ከፍታ የሚፈራ። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ሽቦ የሚዘረጋው እሱ።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል። ጣሪያው አራት ክንፍ አለው። የሶላሩን ፓኔል በደቡቡ ክንፍ ላስር ስል የኔታ ከታች ሆነው፣ "ልጄ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጊው። እዚህ ግቢ የቆመ ነገር ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነው" አሉኝ። የኔታ የትምህርት ቤቱ መምህር ናቸው። አባቴን ነፍሱን ይማረውና ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። በዚህ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ሥለነዋል። የምታስፈልገኝ "አይሆንም" የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ከአፌ አልወጣ አለች። "እሺ የኔታ" አልሁና ወደ ምሥራቅ አሰርሁት። ሰይድን ከላይ ሆኜ ባየው፣ "እኔን አትይኝ፣ የናንተ ቤት ነው" ብሎ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

ቅዳሜ መዛኝ ይመጣል። የተግባር ምዘናችን ይኸው ጣሪያ ነው። ከሰልጣኞቹ በነጥብ የበለጠ ሁለት ሰው ብቻ ኮምቦልቻ ሄዶ በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ መግጠም ይማራል። ሙጃና ኮን አካባቢ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ገጣሚ ነው የጠፋው ይባላል፣ ሥራው አለ ማለት ነው። እኔ ካላለፍሁ የት እንደምሄድ ይታወቃል። የምሠራበት ሆቴል ቱሪስት ጠፍቶ ከተዘጋ ወዲህ የአክስቴ ባል ደላላ ፈልጎልኛል። ቤይሩት፣ ሰው ቤት። ፓስፖርቴ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።

አልሄድም። እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ክፍል ዋልን። አሠልጣኛችን "አቅጣጫ ያላረጋገጠ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ማንም የለም። እኔም ደብተሬን አገላበጥሁ። ሰይድ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፣ እንዳላወቀ ሆንሁ።

የዛሬ ድሎች፦
ፊውዝ ያለማንም እርዳታ ቀየርሁ።
የባትሪውን ሽቦዎች ሳላምታታ አሰርሁ (ባለፈው ሳምንት ብልጭ አድርጌ ክፍሉን በሙሉ አስደንግጫለሁ)።
ለእማዬ ስለ ኮምቦልቻ ነገርኋት። ይሄኛው ድል አይደለም።

"ቤይሩት የሄዱት እንኳ ቤት ውስጥ ነው የሚሠሩት። አንቺ ጣሪያ ለጣሪያ እንደ ዝንጀሮ" አለችኝ።

"ዝንጀሮ ደመወዝ የለውም፣ እማዬ። እኔ ይከፈለኛል።"

ሳቋ አመለጣት፣ ወዲያው ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ክፉ ሆና አይደለም። ቤት የቀረነው እኔና እሷ ነን፣ ፈርታ ነው። እኔም እፈራለሁ፤ ግን እኔ የምፈራው ሌላውን ነው። የጎረቤታችን ልጅ ከቤይሩት ስትመለስ ዐይኗ እንዴት እንደነበር አይቻለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የኔታ ራሳቸው ደወሉ። "ትርንጎ ልጄ፣ ይሄ መብራታችሁ ከእኛ ቀድሞ ይተኛል" አሉኝ። ተማሪዎቹ ማታ ዳዊት ዘርግተው ገና ሳይሞቃቸው ድርግም ይላል አሉ።

ከሰይድ ጋር ወጣን። ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጠን አየነው። ጠዋት ተራራው ፀሐይዋን ይዞ አያስወጣትም። ከተራራው በላይ ብቅ ስትል ደግሞ ብዙም ሳትቆይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ከቀትር በኋላ የራሱ የጣሪያው ጫፍ ፓኔሉ ላይ ጥላ ይጥላል። የደቡቡ ክንፍ ግን ባዶውን ፀሐይ ሲጠጣ ይውላል። በቴስተር ለካሁ፤ መለካቱም አያስፈልግም ነበር፣ በዐይን ይታያል።

የኔታ "ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። "ባትሪው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል" አልሁ። ምላሴን ምን ነካው?

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሰይድ ቆመ። "ባትሪ በቅሎ ነው እንዴ የሚለምደው? ወላሂ ትርንጎ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም የምትወድቂው፣ እኔም አለሁ።" ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። ልክ ነው። "ነገ እናዙረው" አለ። ነገ ኅዳር ሚካኤል ነው። በዚያ ግቢ በሚካኤል ቀን ብሎን መፍታት የሚታሰብ አይደለም። የቀረን ዓርብ ብቻ ነው፣ እሱም የኔታ እሺ ካሉ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ሚካኤል

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የኔታን ወይራው ሥር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። ከታች ከተማው ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ ወደ ላይ ይመጣል። መስቀል ተሳለምሁ፣ ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ፣ እንደገና ተቀመጥሁ። "ምነው፣ እሾህ አለ?" አሉኝ።

"የኔታ፣ ፓኔሉ መዞር አለበት። ወደ ደቡብ።" ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ተራራውን፣ ጥላውን፣ ባትሪው ለምን እንደማይሞላ ነገርኋቸው። ባትሪው ይለምዳል ያልሁት ውሸት መሆኑንም።

"ሰኞ ይሄን ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ?"

"አፈርሁ። እርስዎን እንዴት ብዬ..."

እንዲህ አሉኝ፦ "እኔ ተማሪ ሲስት ሰምቼ አልፌ አላውቅም። ስለማከብረው ነው የማርመው። አንቺ አውቀሽ ጨለማ ውስጥ አስቀመጥሽኝ፤ ይሄን ማክበር ነው ብለሽ ነው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"ደስ አላለኝም" አሉ እንደገና። "ልቤ አሁንም ምሥራቅ ነው የሚለው። ግን የምንጸልየው እኛ ነን፣ እሱ አይጸልይም። ነገ ነይ። በጠዋት ጀምሩ፣ ያ ልጅ ጁምዓ ይሄዳል።"

ሰይድን እሳቸው አስታወሱት። እኔ ረስቼው ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ቆርቆሮው ውርጭ ይዞ ነበር፣ እግር ያንሸራትታል። ሦስቱ ብሎኖች እሺ አሉ፣ አንዱ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። በአንድ እጅ ፓኔሉን፣ በሌላው የብሎን መፍቻውን ይዤ አልሆነልኝም፣ የቆሰለው መዳፌ እንደገና ደማ። ወደ ታች "ሰይድ፣ እጅ ያስፈልገኛል" አልሁ። መሰላሉን አየ፣ እኔን አየ። ቢስሚላሂ ብሎ ዐይኑን ግማሽ ጨፍኖ ወጣ። መውጣቱን ወጣ፤ ሲወርድ ግን መሰላሉ ላይ እንደተጣበቀ ቀረና የኔታ ከታች "ቀኝ እግርህን፣ አሁን ግራህን" እያሉ እንደ ሕፃን አወረዱት። ስስቅ ልወድቅ ነበር።

ጁምዓ ሲሄድ ብቻዬን ቀጠልሁ። መሰላሉን የያዙልኝ የኔታ ናቸው። "ደክሞኛል፣ ተማሪ ልጥራ?" አላሉም፣ ቆመው ያዙት። ምሥራቁ ክንፍ ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች በሲልከን ማሸጊያ ደፈንኋቸው። ክረምት ዝናብ አያስገቡም፣ ግን ጠባሳቸው ይታያል። ጠባሳውን ምንም ማድረግ አልችልም።

ሰይድ ሲመለስ ፓኔሉ ደቡቡን አይቶ ቁጭ ብሏል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጥላ አልነካውም።

ደክሞኛል። ነገን እፈራለሁ። ግን እንደ ማክሰኞው ዓይነት ፍርሃት አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መዛኙ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰውዬ ነው። ሽቦውን አየ፣ ባትሪውን ለካ፣ ፊውዙን አውጥቶ መለሰ። ከዚያ መሰላሉን ወጣና ቆየ። ቆይታው አልጥም አለኝ።

"ምሥራቁ ክንፍ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች የበሳቸው ማነው?"

ሰይድ ጫማውን ማየት ጀመረ። ድሮም የነበሩ ናቸው ማለት ይቻል ነበር፤ ማን ያውቃል? "እኔ ነኝ" አልሁ። "መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ገጥሜው ነበር። ስህተት መሆኑን እያወቅሁ ሳልናገር ቀረሁ። ትናንት አዞርሁት።"

"ወደ ምሥራቅ አድርጊ ያለሽ ሰው አለ?"

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገባችን ቆመዋል። አልመለስሁም። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ "እኔ ነኝ ያልኋት። የሠለጠነችው ግን እሷ ናት።"

መዛኙ ጻፈ። ፈገግ አላለም። "ቀዳዳው ነጥብ ያስቀንሳል" አለ። ውጤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ነው። አመስግኖን ሄደ። ሰይድ "ነጥብ ያስቀንሳል አለ እንጂ ይጥላል አላለም" ይላል። እኔ እንጃ።

ልንወርድ ስንል የኔታ ጠሩኝ። "ትናንት ማታ እኛ ቀድመን ተኛን" አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ቤት ስደርስ እማዬ ስልኳን ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። የአክስቴ ባል ደውሎ ደላላው ዛሬ ቁርጡን ይፈልጋል ብሏታል።

"ምን ልበለው?"

"አይሆንም በዪው።"

"ውጤትሽ ሳይታወቅ?"

"ሳይታወቅ።"

መዳፌን ይዛ ገልብጣ አየችው። ቁስሉ ዙሪያ ሲልከን ደርቆበታል፣ በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። "ባታልፊስ?" አለች።

"ላሊበላ ጣሪያ ሞልቷል፣ እማዬ።"

ስልኩን አነሳችና ለአክስቴ ባል ደወለች።