ባሌ ከሌላ ሴት ጋር የተጣመረበት ሳምንት

ሰኞ

በእራት ላይ ነው የነገረኝ። «ቅዳሜ ለውድድሩ ከሔዋን ጋር ነው የምጫወተው» አለ፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው። ቀና እንኳ አላለም። እኔም «ጥሩ» አልሁ። ምኑ ነው ጥሩው?

እኔና ደሳለኝ ፒክልቦል የጀመርነው አብረን ነው፤ ዓመት አልፎናል። ኮሌጁ ውስጥ፣ እኔ ከምሠራበት ሬጅስትራር ጀርባ፣ ወደ ሐይቁ በኩል ያለውን አሮጌ መረብ ኳስ ሜዳ ቀለም ቀብተው መረቡን ዝቅ ሲያደርጉት ሰው ሁሉ ስቆ ነበር። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነች የፕላስቲክ ኳስ፣ አጭር መምቻ፣ ሁለት ለሁለት። የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኛ ግን ወደድነው። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ ሁለታችን ብቻ የምናደርገው ነገር እሱ ብቻ ነበር። ነበር።

ሔዋን እሱ በሚሠራበት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ናት። ከድሬዳዋ ተዛውራ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። «ደሴ» ትለዋለች። ደሴ የምንለው እናቱና እኔ ብቻ ነበርን።

ማክሰኞ

ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ ሜዳው ወሰደኝ። ልምምድ ላይ ነበሩ። ዋርካው ሥር ቆሜ አየኋቸው፤ አላዩኝም።

ጥሩ ናቸው። ይህን መጻፍ ያማል። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሲል እሷም አንድ እርምጃ ወደ ግራ ትላለች። እሱ ወደ መረቡ ሲጠጋ እሷም እኩል። ወገባቸው በአንድ ገመድ የታሰረ ይመስላል፤ በመሃላቸው ኳስ የሚያልፍበት ክፍተት የለም። ኳሷ መሃል ለመሃል ስትመጣ «ያንተ!» ትለዋለች፣ ይመታል። ነጥብ ባገኙ ቁጥር መምቻቸውን ያጋጫሉ። ጧ። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ኖረን እኔና እሱ ከቤት እንኳ እኩል ወጥተን አናውቅም፤ ወይ እሱ በር ላይ ይጠብቀኛል፣ ወይ እኔ።

እሷ የምትበልጠኝ፦ ዕድሜዋ። ቁመቷ። ከሩቅ የሚሰማ ሳቋ። ፈጣን እጇ።

እኔ የምበልጣት፦ ኳስ ቀስ አድርጎ ማስቀመጥ። (ሁለተኛ ፈለግሁ፣ አጣሁ።)

«ልምምዱ እንዴት ነበር?» አልሁት ቤት ሲገባ። «ደህና» አለ። ደህና ብቻ። ያ ሁሉ ሳቅ «ደህና» ነው?

ረቡዕ

እኔም ጥንድ አገኘሁ! ጋሽ አድማሱን ለመንኋቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ አባታቸው እዚሁ ሐይቁ ዳር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። «ጋሼ፣ ቅዳሜ አብረውኝ ይጫወታሉ?» ስላቸው «እኔ አልሮጥም፤ መሮጡ ያንቺ ከሆነ እሺ» አሉኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ተለማመድን። ምክራቸው ይኸው፦ «ጉልበት ላለው ሰው ጉልበት አትስጪው። እሱ በኃይል ሲመታ አንቺ ኳሷን ጓዳ ውስጥ አስተኚለት።» ጓዳ የምንለው ከመረቡ ወዲህና ወዲያ ያለውን ጠባብ ክልል ነው። እዚያ ውስጥ ቆሞ ኳስ ከአየር ላይ መምታት ክልክል ነው፤ መሬት እስክትነካ መጠበቅ ግድ ይላል። ዝቅ ብላ እዚያ የወደቀች ኳስ ጉልበተኛውን አንገቱን ታስደፋዋለች።

አሥር ሞከርሁ። ሰባቱ መረብ ላይ ቀሩ። ስምንተኛዋን ከሜዳ አስወጣኋት።

«ልጄ» አሉኝ ጋሽ አድማሱ፣ «አንቺ ኳስ አይደለም የምትመቺው፤ ሰው ነው።»

ፊቴ ጋለ። የገባቸው መስሎኛል።

ሐሙስ

የደሳለኝን ስልክ ከፈትሁ። ጻፍሁት እንግዲህ። እሱ ሲታጠብ ነው።

«ነገ 11 ሰዓት?» ትላለች። «እሺ» ይላል። «አቦ ዛሬ ጎበዝ ነበርህ» ትላለች። «አንቺ ነሽ እንጂ» ይላል። ሌላ ምንም የለም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከታች ያለችዋ አንዲት መስመር አቃጠለችኝ፦ «ግራ ጉልበትህ ተሻለህ?»

ያንን ጉልበት እኮ በዘይት ያሸሁት እኔ ነኝ! ከደረጃ ወድቆ ሲያነክስ የደገፍሁት እኔ ነኝ። ለሷ ማን ነገራት? እሱ ነዋ።

ነውር የሆነ ነገር ብፈልግ አጣሁ፤ ማጣቴም አናደደኝ። ስልኩን በነበረበት አስቀመጥሁት።

ዓርብ

ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዛሬ ብርቱ ነበር። ጋሽ አድማሱ በነፋስ ቀን ከፍ አድርገሽ አትላኪ አሉኝ። ከአሥር ሰባት አስገባሁ።

ሲጨርሱ «ባልሽ በየት በኩል ይደክማል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አላውቅም» አልሁ።

ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ። ተናድጄበት እንኳ ለሰው አሳልፌ መስጠት አልቻልሁም።

ቅዳሜ

አሸነፍን። እጄ መጻፍ አልፈለገም፤ ግን ልጨርሰው።

ስድስት ጥንዶች ነበርን። ሁለቱን አሸንፈን ለመጨረሻው ከነደሳለኝ ጋር ተገናኘን። መጀመሪያ አምስት ለአንድ መሩን። ከዚያ ጋሽ አድማሱ «ቀስ» አሉኝ። ቀስ አልሁ። እነሱ በኃይል ሲመቱ እኛ ጓዳ፤ እነሱ በኃይል ሲመቱ እኛ ጓዳ። ሔዋን ትዕግሥቷ አለቀ፣ መረቡን ትመታ ጀመር። አሥር ለዘጠኝ መራን። አንድ ነጥብ ብቻ ቀረን።

ኳሷ ተመላለሰች። ደሳለኝ ወደ ኋላ ቀርቶ ቆሞ ነበር። በስተግራው፣ መረቡ ሥር፣ ባዶ ቦታ አየሁ። እዚያ ለመድረስ በግራ ጉልበቱ መውረድ አለበት። አውቅ ነበር። አስቀመጥኋት።

ሮጠ። ጉልበቱ ከዳውና ወደቀ።

ሰው አጨበጨበ። እሱ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጦ ቀረ። ቀድማ የደረሰችው ሔዋን ናት። እኔ መምቻዬን እንደያዝሁ ደርቄ ቆምሁ። ጋሽ አድማሱ እንኳን ደስ አለሽ አላሉኝም። «ታውቂ ኖሯል» አሉኝ ብቻ።

በባጃጅ ተመለስን። ሰፈር ስንገባ «አውቀሽ ነው?» አለኝ።

«አዎ» አልሁት። ከዚያ አፌ አላርፍ አለ። «ከኔ ይልቅ ለምን እሷን?»

ጉልበቱን እያሸ መለሰልኝ። «ከአንቺ ጋር ስጫወት በተሳሳትሁ ቁጥር ዞረሽ ታዪኛለሽ። ምንም አትናገሪም፤ ታዪኛለሽ። ኳስ ወደኔ ሲመጣ የምፈራው ኳሱን አይደለም፣ ዓይንሽን ነው። ሔዋን ስሳሳት ‹ቀጣዩ› ብላ ታልፈዋለች።»

ልከራከር አስቤ ነበር። ዞሬ አየሁት፤ ማየቴ ራሱ ትዝ ሲለኝ ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ።

እሑድ

ጉልበቱ አብጧል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በፋሻ ጠቀለልሁለት። ይቅርታ አልሁት። «እሺ» አለ። እሺ ማለት ይቅር ማለት ነው ወይስ ሰማሁ ማለት?

ከሰዓት ሔዋን ፓፓያ ይዛ መጣች። ልጠላት ተዘጋጅቼ ነበር። ገና ከመቀመጧ «አቦ እህቴ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ኳስ አሳዪኝ እንጂ! እንዴት ነው እንደዚያ ዝም ያሰኘሻት?» አለችኝ። ባሏ ድሬዳዋ ቀርቷል፤ ዝውውሩ አልመጣለትም። «ሜዳው ባይኖር እዚህ ከማን ጋር አወራ ነበር?» አለች። ምሳ አቀረብሁላት፣ በላች፣ ሳቀች። ስትወጣ በሩ ላይ «ቻው ደሴ!» ስትለው ቅናቱ እንደገና ያዘኝ። አልለቀቀኝም። እንደሚለቀኝም አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ደሳለኝ እያነከሰ ውኃ ሊቀዳ ተነሳ። ብርጭቆው ከእጁ አመለጠና ወለሉ ላይ ተበተነ። አንገቴ መዞር ጀመረ። ያዝሁት። ስብርባሪውን ብቻ እያየሁ «ቁም፣ እንዳትረግጠው፤ መጥረጊያ ላምጣ» አልሁ።

ጓዳ ስደርስ ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት። በኔ ይሁን በራሱ አልጠየቅሁም።