የካዛንቺሱ ድንኳን ሰፊ፦ የአቶ አረጋዊ ገብረሃና የሕይወት ታሪክ

አቶ አረጋዊ ገብረሃና ከአባታቸው ከአቶ ገብረሃና ተስፋይና ከእናታቸው ከወ/ሮ መብርሂት ሐጎስ በ1945 ዓ.ም. በዓዲግራት ከተማ ተወለዱ። እዚያው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1959 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ በመምጣት ስታዲየም አካባቢ አጎታቸው ዘንድ ተቀመጡ። ቀን ሸራ ስፌት እየለመዱ፣ ማታ እየተማሩ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሱ።

በ1970 ዓ.ም. ይህን ከምጽፈው ከባለቤታቸው ከወይኒ በየነ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፈሩ። ካዛንቺስ በከፈቷት ሱቅም አርባ ዓመት ያህል የእድርና የሠርግ ድንኳን ሰፍተዋል። ቁጡ አልነበሩም፤ ስፌት የተጣመመ ዕለት ግን አይቀረቡም።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ሱቃቸውን ይዘው ቄራ ገቡ። ጎረቤቱ ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ ሌላ ቦታ ተበተነ፤ እድሩም አብሮ ፈረሰ። ድንኳን ስፉልኝ የሚል ጠፋ። ሱቁ ሊዘጋ፣ ሠራተኞቹም ሊበተኑ ነው ብለን ስንጨነቅ፣ የልጃችን የመብርሃቶም ልጅ ሰምሃል፣ "አባባ፣ ሥራዎን በቪዲዮ ልቅረጽና ሰው ይየው" አለቻቸው። እኔ የሰው ዓይን ፈራሁ፤ ደግሞስ በስተርጅና ቲክቶክ ምን ይባላል?

እሳቸውም ካሜራ ፊት ራሳቸውን ማመስገን አፍረው፣ "ከድንኳኑ ሥር የተቀመጠ ይናገር" ብለው ልጅቷን ወደ ደንበኞቻቸው ሰደዷት። ሰምሃልም ልጅ የዳረውንም፣ ሐዘን የተቀመጠውንም እየዞረች አናገረች። የወሎ ሰፈሯ ወ/ሮ ሀፊዛ ዓብዱልሀኪም ግን የወንድማቸውን ለቅሶ አስታውሰው፣ "ምኑን ላመስግን? ውጭው አባርቶ ውስጡ ዘነበብን እኮ!" አሉ። ይህ ይቆረጥ፣ ስማችን ይጠፋል፣ በቃ አለቀልን ብዬ ለመንኩ። አረጋዊ ግን፣ "እሳቸውን ከቆረጣችሁ የሌላውን ምስጋና ማን ያምናል?" አሉ። በማግስቱ ወሎ ሰፈር ወርደው የወ/ሮ ሀፊዛን እድር ድንኳን አስዘረጉ፤ ያፈሰሰውን ስፌት ፈትተው እንደገና ሲሰፉት ሰምሃል ቀረጸች። ወ/ሮ ሀፊዛም ከሥሩ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ ከላይ በባልዲ ውሃ አስደፉበት። ጠብ ያለ ነገር የለም። "እንግዲህ አሁን ላመስግን" አሉ።

ያን ቪዲዮ ያየ የድሮ ጎረቤት እየደወለ፣ እየጠየቀ ቄራ መጣ። ገላን ጉራ የገቡትም አዲስ እድር አቋቁመው የመጀመሪያ ድንኳናቸውን እሳቸውን አሰፉ። ሱቁ ዳነ፤ ከሠራተኞቹም አንድ እንኳ አልተሰናበተ። ሰምሃልም ዛሬ የሌሎች ባለሱቆችን ታሪክ እየቀረጸች እንጀራዋን ትበላለች።

አቶ አረጋዊ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። እኔን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አንድ አደራ አለኝ፤ ሠራተኞቻቸው ከቀብሩ ቀሩ ብላችሁ እንዳትታዘቡብኝ። ለእሑድ ሠርግ ቃል የተገባበት ድንኳን ገና አላለቀም። "እኔ ብሞትም ከስፌቱ እንዳትነሡ" ያሏቸው እሳቸው ናቸው። ሰው ምን ይላል ብዬ ብሟገትም ሠራተኞቹ እሺ አላሉኝም። የሱቁ ልጆች አሁን ቄራ እያለቀሱ እየሰፉ ነው።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ መካከል ያስቀምጥልን፤ የእሑዶቹንም ሙሽሮች በሰላም ይዳርልን።