የሰብለ ሬዲዮ

ውድ ሰብለ፣

ጤናሽን በስልክ ጠይቄሻለሁ። «ደህና ነኝ አጎቴ፣ ጌታ ይመስገን» ብለሽኛል። ልጅሽም ደህና ናት፣ እናትሽም ደህና ናት፣ የተበላ ከተማ ሙቀትም ደህና ነው። ካለፈው ዘመን መለወጫችን፣ ከጊፋታ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር መልስሽ ይኸው ነው። እኔ የማውቃት ሰብለ ሦስት ቃል ሳልጨርስ «አንተ ሰውዬ፣ ባትሪህ መቼ ነው የሚያልቀው?» ትለኝ ነበር። ለተቆጣኝ ሰው መላ አላጣም፤ አስቄው እታረቃለሁ። በትሕትና ለሚመልስልኝ ሰው ግን ምንም አላውቅም። ስለዚህ ብዕር አነሣሁ። አልጋነሽ አጠገቤ ተቀምጣ «ከቀለድክበት እቀደዋለሁ» እያለች ትጠብቀኛለች፤ ባለቤቴን ታውቂያታለሽ፣ ትቀደዋለች።

የሬዲዮ ጥገና ሱቄ መደርደሪያ ላይ ያለው ያ ትልቅ ሬዲዮ ትዝ ይልሻል። ራሴን ያስተማርኩበት፣ ማዳንም ያቃተኝ በሽተኛዬ ነው። ቤቱን በባንክ ብድር በገዛችሁ በዓመቱ ገንዘብ በጋዜጣ ጠቅልለሽ መጣሽና «እዚያ ሆዱ ውስጥ ደብቅልኝ» አልሽኝ።

«ባንክ ሞልቶ እኔ ጋ?»

«ባንኩ ስልኬ ላይ ነው። አንዱ ለሰርግ፣ አንዱ ለለቅሶ ሲደውልልኝ ጣቴ ይልካል። አንተ ጋ መጥቼ መጠየቅ ግን አፍራለሁ።»

«ምን ያሳፍርሻል?»

«መቶ ብር ባወጣ ዓመት ሙሉ ታሾፍብኛለህ። ካንተ አፍ የበለጠ ቁልፍ ሶዶ ውስጥ አይሸጥም።»

ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ስለ አፌ ሲያማርር አንቺ ሥራ ሰጠሽው። ዕቅድሽንም ነገርሽኝ፤ የባልሽ የታምራት ደሞዝ ለባንኩ ወርኃዊ ክፍያ፣ ባንቺ ደሞዝ ኑሮ፣ ከኑሮ የተረፈው ወደ ሬዲዮው። ክፉ ቀን ከመጣ ለክፉ ቀን ይሆናል። ካልመጣ በአንድ ጊዜ ከዋናው ዕዳ ላይ ይወርዳል፤ ዕዳው ሲወርድ ወለዱም ይወርዳል። ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየሁት አጎትሽ ወለድ የሚባለው ነገር የገባኝ በዚያ ቀን ነው። ሴቶቹ ለጊፋታ የቅቤ ዕቁብ ሲጥሉ አንቺ ወጣሽ። ወንዶቹ ለበሬው ሲያዋጡ ታምራት ከቅርጫው ወጣ። በዓሉን እኛ ቤት መጥታችሁ ትበሉ ነበር። ዓመት ከዓመት ሬዲዮው እየከበደ ሄደ። አንድ ከቦምቤ የመጣ ገበሬ ሊገዛው ጠይቆኝ «ይህ የሚይዘው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው፣ የሰብለን» ብዬ መልሼዋለሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አልጋነሽ አቀርቅራ እያነበበች ነው።

የካቻምናው ጊፋታ ላይ፣ ሥጋው ተቆርጦ ሰው ሁሉ ቢላውን እንደያዘ፣ የታምራት አባት አቶ ዳልጮ ባሉበት ምን እንዳልኩ ታስታውሻለሽ። «ታምራት ሁለት ሚስት አለው። አንዷ ሰብለ ናት፤ ታበላዋለች። ሁለተኛዋ ባንክ ናት፤ ትበላዋለች።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነታቸው ጥርሳቸው የማይታየው አቶ ዳልጮ እንኳ ሳቁ። ቀልዱ ከእኔ ቤት ወጥቶ ታምራት የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ድረስ ገባ። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ «ታናሿ ባለቤትህ እንዴት ናት?» ይሉት ጀመር። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ጠየቀው። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር እንደ ደራሲ ነበር የምኮራው።

በዓመቱ፣ ጊፋታ ሲቃረብ፣ ታምራት ሱቄ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም።

«አጎቴ፣ የሬዲዮው ገንዘብ አለ?»

«አለ።»

«አባቴ ዘንድሮ እኔ ደጅ ላይ ይብላ። ሙሉ በሬ ልግዛ። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ አፋቸውን ይይዛሉ።»

«ሰብለ ታውቃለች?»

«አታውቅም። በድንገት ደስ ይበላት ብዬ ነው።»

ሰብለ፣ ይህንን መስመር ደግመሽ አንብቢው። «አታውቅም» ብሎኛል። አልዋሸኝም። «ሰብለ ፈቅዳለች ብዬ አጎትሽን አታልዬ ወሰድኩት» ብሎ የነገረሽ ሐሰት ነው። ጠይቄዋለሁ፣ እውነቱን ነግሮኛል፣ አውቄ ሰጥቼዋለሁ።

ለምን ሰጠሁት? እምቢ እንዳልለው የራሴ ቀልድ ፊቱ ላይ ተጽፎ አየሁት፤ አፈርኩ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ይብሳል፤ ጨዋታው ጣመኝ። በር ላይ በሬ ታስሮ፣ አንቺ ከሥራ ስትመለሺ፣ ዓይንሽ ሲፈጥ ታየኝ። ካቻቪቴዬን አንስቼ የሬዲዮውን ጀርባ እየሣቅሁ ፈታሁ። ጠባቂ ያደረግሽኝ ገንዘቡን ሊያወጣ በመጣ ሰው ላይ እንዳሾፍ ነበር። የዚያን ቀን ብቻ ሳላሾፍ ቀረሁ።

የቀረውን አብረን አይተነዋል። ቢሮሽ ድረስ መጥቼ ወሰድኩሽ፣ በሩ ጋ ስንደርስ «ጨፍኚ» አልኩሽ። በሬው እኔ በተከልኩላችሁ አቮካዶ ሥር ታስሯል። ዓይንሽን ስትገልጪ መጀመሪያ እሱን አየሽ፣ ቀጥሎ ታምራትን፣ ከዚያ እኔን። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ «ሬዲዮውስ?» አልሽኝ። ያን ጊዜ በሬው አገሳ። እኔም «ይኸውልሽ፣ ዜና እያነበበልሽ» አልኩ።

ግቢው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። ከዚያ ገብተሽ ቢላ አወጣሽ፣ ለሥጋው ማባያ ዳጣ አቀረብሽ፣ ለአማትሽ ከሁሉ ቀድመሽ አጎረስሽ። አንቺ አንዲት ቁራጭ ስትቀምሺ ግን አላየሁም። እኔ በላሁ። ዳጣው እንዴት ያለ እንደነበር እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ።

ጥቅምት ላይ ታምራት ከሞተር ሳይክል ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ክፉ ቀን መጣ፤ ሬዲዮው ባዶ ነበር። ለሕክምናው ስትሯሯጡ የባንኩ ክፍያ ዘገየ፣ ቅጣት ተጨመረበት፣ ማስጠንቀቂያ ደረሳችሁ። በመጨረሻ ቤቱን ለሌላ ሰው አከራይታችሁ ኪራዩን ለባንኩ ማድረግ ግድ ሆነ። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ተበላ ከተማ እናትሽ ጋ ገባሽ፤ እሱ እዚህ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሰው «ለሥራ ነው፣ ለኪራይ ነው» ይላል። ለእናትሽ ግን «በስሜ ከዋሸ ሰው ጋር አላድርም» እንዳልሻት አውቃለሁ። እህቴ ናት፤ ነግራኛለች።

ከመሄድሽ በፊት ሱቄ መጥተሽ የልጅሽን የእጅ ባትሪ አሠራሽ። ስጨርስ ብር አውጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽ። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ከፍለሽኝ አታውቂም። «ታምራት እንዳታለለህ ነግሮኛል። ይቅርታ አጎቴ፣ በትዳራችን መሃል አስገባንህ» አልሽኝ። እኔ ምን አልኩ? እውነቱን ሳልነግርሽ ብሩንም ተቀበልኩ።

በማግሥቱ ታምራትን በምርኩዙ ሲያነክስ አግኝቼ «ለምን ዋሸህ?» አልኩት። «ባል ነኝ፤ ይቅር ካለችኝ ትለኛለች። አንተንም ከጠላች ግን በማን ትስቃለች?» አለኝ። ይህን የሚያህል መልስ ተቀብዬ ስንት ወር ዝም አልኩ፣ ሰብለ። በእናንተ የቀድሞ ቤት በኩል ሳልፍ የሌላ ሰው ልብስ ተሰጥቶ አያለሁ። ሰሞኑን ደግሞ መንገድ ለውጬ በጓሮ መሄድ ጀምሬ ነበር።

ዘንድሮ የቅርጫው ማኅበር ሲሰበሰብ «እኔን አትቁጠሩኝ፤ ያዋጣሁትን መልሱልኝ» አልኳቸው። ከዚያ መክብብ፣ ያ ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ፣ «ጋሽ ባዳቾም ታናሺቱን አገቡ ማለት ነው?» አለ። ሣቁ። አልጋነሽ ከበሩ ላይ «እኔው ነኝ የዳርኩት!» ብላ አዳነችኝ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። ወደ ቤት ስመለስ ጉንጬ አመመኝ። ታምራት ይህንን ሳቅ ዓመት ሙሉ ከሻይ ጋር ሲውጠው ኖሯል።

ሬዲዮውን ከዚሁ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ይዞልሽ የሚመጣው ታምራት ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም፣ እኔ የጻፍኩትንም አያውቅም። በር ላይ ተቀብለሽ አትመልሺው፤ ከሚኒባስ መውረጃው እስከ እናትሽ ቤት በዚያ እግሩ ተሸክሞት ነው የሚመጣው። ሆዱ ውስጥ የቅርጫ መዋጮዬ አለ። አልጋነሽም የቅቤ ዕቁቧን ጨምራበታለች፤ ሳልጠይቃት። በሬውን አይሞላም፤ የኋላ እግሩን ቢያህል ነው። የፊት እግሩን እስከ ገና አመጣለሁ። ጎድኑን፣ ሻኛውን፣ ቆዳውን እያልኩ ቀንዱ እስኪደርስ በየጊዜው እመልሳለሁ። የአንቺው ነውና አመሰግናለሁ እንዳትዪኝ። ካቻቪቴውንም አብሬ ልኬአለሁ፤ ከእንግዲህ ቁልፉ አንቺ ነሽ። እኔ ራሴ ልበደር ብመጣ እንኳ እንዳትምሪኝ።

በእኔ ላይ የፈለግሽውን ፍረጂ። ታምራትን ግን ባልሠራው ውሸት አትቅጪው። የዋሸው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም ለእኔ ብሎ ነው።

ከዚህ በኋላ ስደውልልሽ «ደህና ነኝ» ካልሽኝ ይገባኛል፣ አልቀየምም። ሰድበሽ ብትዘጊብኝ ደግሞ ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ለሰፈሩ ሻይ እጋብዛለሁ፤ በራሴ ገንዘብ። አልጋነሽ ይህችን ቀልድ ፈቅዳልኛለች።

ባትሪው እያለቀ ያለው አጎትሽ፣
ባዳቾ
ከወላይታ ሶዶ